ልቤን ምን ነካው?

«ምንም የለብዎትም» ማለት ምን ማለት ነው? ሐኪም ይህን የሚለው ሊያጽናና ነው፤ ሲለውም እውነቱን ነው። እኔ ግን ይህን መልስ ከተቀበልኩ ወዲህ ለዓመታት ስመላለስበት ኖሬአለሁ። ልቤ አልፎ አልፎ ሥርዐቱን ይስታል። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ይገለበጣል፤ ከዚያ ባዶ ይሆናል፤ ከባዶው በኋላ ከሌሎቹ ሁሉ የከበደ አንድ ምት ይመጣል። አንዳንድ ሰሞን ጨርሶ ይጠፋል፤ አንዳንድ ሰሞን ደግሞ ማታ ማታ እየመጣ እንቅልፍ ይነሣኛል። ኢሲጂ ተነሥቻለሁ፤ ልቤ በኤኮ ታይቷል፤ ሆልተር የሚባለውን መሣሪያ ደረቴ ላይ አስለጥፌ ውዬ አድሬአለሁ። ቫልቮቹ ደህና ናቸው፤ ጡንቻው ደህና ነው፤ የታይሮይድ ምርመራው ልክ ነው፤ ፖታሲየም አልጎደለም፤ ደም ማነስም የለም። «ምንም የለብዎትም» የሚለው መልስ የእነዚህ ሁሉ ድምር ነው።

መልሱን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ግን ስለ ልብ የሚናገረው ጥቂት ነው። በይበልጥ የሚናገረው ስለ ፍለጋው ነው፦ እዚህ ፈለግን፣ እዚያም ፈለግን፣ ከአደገኞቹ ነገሮች አንዱንም አላገኘንም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ላቃልለው አልፈልግም። ራሴን ስቼ ወድቄ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም ከቤተሰቤ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ቢኖር ኖሮ ፍለጋው እዚህ ላይ አይቆምም ነበር። ሆኖም «አደገኛ ነገር አላገኘንም» እና «ምክንያት የለውም» ሁለት የተለያዩ አባባሎች ናቸው። የመጀመሪያው ከምርመራ የተገኘ ዕውቀት ነው። ሁለተኛው እውነት ቢሆን እጅግ ደፋር አባባል ይሆናል፤ በሰውነት ውስጥ ከምንም የሚነሣ ነገር አለ ማለት ነውና። ሐኪሙም ይህን አላለም። ታካሚው ግን የመጀመሪያውን ሰምቶ ሁለተኛውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያለ ምክንያት የሆነን ነገር መሸከም ደግሞ ለሰው ይከብደዋል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ያቆመውን ፍለጋ እርሱ ራሱ ይጀምረዋል።

መጀመሪያ ግን የሚፈለገው የምን ምክንያት እንደሆነ ይታወቅ። ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ይመታል። ምቱን የሚያስነሡት በላይኛው ቀኝ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚገኙ ጥቂት ሕዋሳት ናቸው፤ አርተር ኪዝ እና ማርቲን ፍላክ ቦታቸውን ለይተው የገለጹት በ1907 እ.ኤ.አ. ነው። ሆኖም ምት የማስነሣት ችሎታ የእነርሱ ብቻ አይደለም። የኤሌክትሪኩን ምልክት ወደ ታች የሚያወርደው መንገድም በራሱ ጊዜ ምት ማስነሣት ይችላል፤ ዝም የሚለው የላይኞቹ ስለሚቀድሙት ነው። አንዳንዴ ከእነዚያ ውጭ የሆነ አንድ ቦታ ተራውን ሳይጠብቅ ይነሣል። ያን ጊዜ ልብ ገና በደም ሳይሞላ ይኮማተራል፤ ምቱም ደካማ ስለሚሆን ብዙ ጊዜ የእጅ የደም ሥር ላይ እንኳ አይደርስም። ከዚያ ረዘም ያለ ዕረፍት ይሆናል፤ በዕረፍቱ ልብ ከወትሮው ይበልጥ ይሞላል፤ ቀጣዩ ምት ይከብዳል። ሰው «ልቤ አንድ ምት ዘለለ» ይላል። ልብ ግን ቸኮለ እንጂ አልዘለለም። የጎደለ የመሰለን ምት የተጨመረ ነው፤ የሚያስደነግጠን ከባዱ ምትም ሥርዐቱን ጠብቆ የመጣው ጤነኛው ነው።

የዚህ ነገር ትርጉም ከሕክምናው ያልፋል። «አሁን መጣብኝ» የምልበት ቅጽበት ነገሩ ካለፈ በኋላ ያለው ቅጽበት ነው። ያለጊዜው የመጣው ምት ሳይሰማኝ ያልፋል፤ የሚሰማኝ ልብ ወደ መስመሩ ሲመለስ ነው። እንግዲህ ሕመም ብዬ የምጠራው መመለሱን ነው ማለት ነው። በዚህም አያበቃም። ሆልተር የለበሰ ሰው የተሰማውን ከነሰዓቱ እየጻፈ እንዲውል ይነገረዋል፤ የእርሱ ጽሑፍና የመሣሪያው መዝገብ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ብዙ ጊዜ አይስማሙም። መሣሪያው የያዛቸው ብዙ ትርፍ ምቶች ሰውየው ሳያውቃቸው አልፈዋል፤ ሰውየው ደንግጦ የጻፈበት ደቂቃም በመዝገቡ ላይ ሰላም ሆኖ ይገኛል። ታዲያ «ምን ቀሰቀሰው?» ብዬ ስጠይቅ ስለየትኛው ነው የምጠይቀው፤ ስለ ምቱ ወይስ ስለ ስሜቱ? ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። በግራ ጎኔ ስተኛ ይብስብኛል፤ ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ስለሚጠጋ ነው፤ ይህ የስሜቱ ምክንያት ነው። ሌሊት ይብስብኛል፤ እዚህ ላይ ግን መለየት ያስቸግራል። የቀኑ ጫጫታ ሲያርፍ ሰው የገዛ ልቡን ይሰማል፤ ልብም በዕረፍት ቀስ ብሎ ሲመታ በምትና በምት መካከል ለትርፍ ምት ሰፊ ቦታ ይተዋል። ሌሊቱ ምቱን ወለደው ወይስ ገለጠው? ስለ ቀስቃሽ የሚናገር ሰው ሁሉ፣ ሳያውቀው፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቶ አልፏል።

የነገርኩት ሰው ሁሉ ደግሞ መልስ አለው። ቡና ነው። ጨጓራ ነው። ጭንቀት ነው። ብርድ መቶህ ነው። እንቅልፍ አጥተህ ነው። ጾሙ ከብዶህ ነው። ከእነዚህ አብዛኛው ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ሐኪሞችም ተመሳሳይ ዝርዝር አላቸው፦ ካፌይን፣ አልኮል፣ ጫት፣ ሲጋራ፣ የእንቅልፍ ማነስ፣ የውሃ ጥማት፣ ትኩሳት፣ የታፈነ አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች። እኔን የሚያሳስበኝ ቀስቃሽ የሆነው ነገር ምክንያት ተብሎ መሾሙ ነው። ሌሊት ውሻ ጮኸ እንበል። ለምን ጮኸ? መንገደኛ ስላለፈ። መልሱ እውነት ነው። ነገር ግን ያው መንገደኛ በጎረቤት ደጅ ሲያልፍ የዚያ ቤት ውሻ ዝም ብሏል፤ የእኛም ውሻ ትናንት ያው ሰው ሲያልፍ ዝም ብሎ ነበር፤ ዛሬ ንጋት ላይ ደግሞ ማንም ሳያልፍ ጮኋል። ለጩኸቱ በውሻው ውስጥ ያለ አንድ ዝግጁነት ያስፈልጋል፤ ዝግጁነቱም ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል። ቀስቃሽ እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ እርሱ ኖሮ ነገሩ ሊቀር ይችላል፤ እርሱ ሳይኖርም ነገሩ ሊሆን ይችላል። በቂም ያልሆነ፣ የግድም ያልሆነ ነገር በምን መብት ምክንያት ይባላል? ምናልባት የሚባለው እርሱ ስለሚታይና ዝግጁነቱ ስለማይታይ ብቻ ነው።

ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም ከ1739 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተመው ትልቅ ሥራው ምክንያትን በዓይኑ ያየ ሰው እንደሌለ ተከራክሯል። የምናየው አንዱ ነገር ሌላውን ሲከተል ነው፤ መከተሉ ሲደጋገም አእምሮ በልማድ ያስተሳስራቸዋል። ሂዩም ግን ቢያንስ መደጋገሙ አለለት፤ እሳት ሁልጊዜ ያቃጥላል። በእኔ ነገር ውስጥ እርሱም የለም። አንድ ቀን ቡና ጠጥቼ ይመጣል፤ በማግሥቱ ያንኑ ያህል ጠጥቼ አይመጣም፤ በሌላ ቀን ሳልቀምስ ይመጣል። አእምሮ ከእነዚህ ቀናት የሚያስቀምጠው የመጀመሪያውን ነው። ቡና ጠጥቶ ደህና የዋለ ሰው ደህና መዋሉን የሚያስታውስበት ምንም አጋጣሚ የለውም፤ በዚህ ችሎት የሚመዘገበው የከሳሽ ቃል ብቻ ነው። በዚያ ላይ ትርፍ ምት በራሱ የሚዋዥቅ ነገር ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ጆኤል ሞርጋንሮት እና ባልደረቦቹ የታካሚዎችን ትርፍ ምት ለተከታታይ ቀናት በሆልተር ቆጥረው ይህን መዋዠቅ ለክተው ነበር። አንድ ቀንን ከሌላ አንድ ቀን ጋር አነጻጽሮ «ቁጥሩን የቀነሰው መድኃኒቱ ነው» ለማለት ከ83 በመቶ በላይ መቀነስ እንዳለበት አገኙ። ይህ ማለት አንድ ነገር ትቼ በማግሥቱ ምቱ በግማሽ ቢቀንስልኝ እንኳ የተማርኩት ነገር የለም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ነገር የምንተወው ደግሞ በጣም በባሰብን ቀን ነው፤ ከባሰ ቀን ቀጥሎ ደግሞ ሻል ያለ ቀን ሊመጣ የግድ ነበር።

በቡና ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በእኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚከሰሰው እርሱ ነውና። ቡና መተው ምን መተው ነው? ካፌይን የሚባለውን ከደም ማስወጣት ብቻ ቢሆን ፍተሻው ቀላል ነበር። ነገር ግን አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪወርድ የሚቀመጡበት ሰዓት አለ። ዕጣኑ አለ፤ የከሰሉ ጢስ አለ፤ ቆሎው አለ። የታመመ ዘመድ ወሬ የሚሰማው፣ የዕድሩ ጉዳይ የሚነሣው፣ የተጣሉ የሚታረቁት፣ ስለ ኑሮ ውድነት የሚማረሩት እዚያ ነው። ቡናን የተወ ሰው ከዚህ ሁሉ ጋር ተለያየ፤ ወይም ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጦ ሲኒ እየመለሰ «ምነው? ምን ሆንክ?» እየተባለ በየቀኑ ስለ ልቡ ማስረዳት ጀመረ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱን ያመዋል። ማታ ቶሎ ይተኛል። እንግዲህ ልቡ ቢረጋ ያረጋው የካፌይኑ መቅረት ነው ወይስ የጢሱ? ወይስ ቶሎ መተኛቱ? ወይስ የሚያስጨንቅ ወሬ አለመስማቱ? ቢብስበትስ ያባሰው ብቸኝነት ቢሆንስ? ፈታሽ ሰው አንዱን ለውጦ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ያቆያል፤ ኑሮ ውስጥ ግን እንዳለ የሚቆይ «ሌላው ሁሉ» የሚባል ነገር የለም። አንዱ ሲነካ ሁሉም ይንቀሳቀሳል። እኔም ቡና ትቼ አይቻለሁ። ልቤ ረጋልኝ፤ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱን ያገኘሁ መሰለኝ። ከዚያም ቡናው ሳይመለስ ምቱ ተመለሰ።

በዮናስ መጽሐፍ መርከበኞቹ ማዕበሉ በማን ምክንያት እንደመጣ ለማወቅ ዕጣ ይጥላሉ። የዘመናችን ተመራማሪዎችም ይህን የመሰለ ጥያቄ ሲከብዳቸው ዕጣ ይጥላሉ፤ ልዩነቱ የእነርሱ ዕጣ ጥፋተኛውን አይጠቁምም፤ የሰውን ሰበብና ምርጫ ከፍተሻው ያስወጣል። በ2023 እ.ኤ.አ. «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» ላይ በወጣ ጥናት 100 ጤነኛ ሰዎች የልብ መመዝገቢያ ለብሰው ለ14 ቀናት ቆዩ፤ «ዛሬ ቡና ጠጡ» ወይም «ዛሬ ተዉ» የሚል መልእክት በየቀኑ በስልካቸው ይደርሳቸው ነበር፤ ቀኑን የሚወስነው ዕጣ ነው። ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሡት ትርፍ ምቶች ቡና በተፈቀደበት ቀን በአማካይ 58፣ በተከለከለበት 53 ሆኑ፤ ከቁም ነገር የሚቆጠር ልዩነት አልነበረም። ከታችኛው ክፍል የሚነሡት ግን 154 እና 102 ሆኑ። ቡና በተፈቀደበት ቀን ሰዎቹ ወደ 1,000 እርምጃ የሚጠጋ ጨምረው ተራምደዋል፤ ሌሊቱንም 36 ደቂቃ ያህል ቀንሰው ተኝተዋል። ታዲያ ቡና ተፈረደበት ወይስ ነጻ ወጣ? እንደሚጠየቀው ክፍል ነው። ልብን የነካው ራሱ ነው ወይስ እንቅልፉን ስለቀነሰ ነው? ይህም ይቀራል። እኔን ግን ከሁሉም ይልቅ ያሳሰበኝ ማንም የማያነሣው ቁጥር ነው፤ 102። ጤነኛ ሰዎች፣ ቡና በተከለከሉበት ቀን፣ በአማካይ 102 ትርፍ ምት። ቀስቃሹ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ቀስቃሹ ከጨመረው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ለዚህ ለሚቀረው ስም የለንም።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2021 እ.ኤ.አ.፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ወጥቶ ነበር። የእነርሱ ሕመም ከእኔው የተለየና የከበደ ነው፤ የላይኛው የልብ ክፍል ሥርዐቱን ጨርሶ ያጣል። እያንዳንዱ ሰው የሚጠረጥረውን ራሱ መርጦ እንዲፈትሽ ተደረገ። በብዛት የተመረጠው ካፌይን ነበር። በፍተሻው ከሕመሙ መነሣት ጋር ተያይዞ የተገኘው ግን አልኮል ብቻ ሆነ። ሰዎቹ ከሕመማቸው ጋር የኖሩ፣ ራሳቸውን የሚከታተሉ ነበሩ፤ ጥርጣሬአቸውም ከልምድ የመጣ ነው። ልምድ እንዲህ ከሳተ ለምንድን ነው እንዲህ አጥብቀን የምንይዘው?

የምጠይቀው ጥያቄ ስለ ልብ ብቻ ስላልሆነ ይመስለኛል። ሌሊት ነቅቼ «ምን በላሁ? ምን ጠጣሁ? ከማን ጋር ተቆጣሁ? ስንት ሰዓት ተኛሁ?» እያልኩ ቀኑን ወደ ኋላ ስመረምር የማደርገው ነገር ኑዛዜ ይመስላል። የቀስቃሽ ዝርዝር የጥፋት ዝርዝር ሆኖ ይነበባል። ከሥቃይ ተነሥቶ ወደ ኋላ ወደ ጥፋት መሄድ ጥንታዊ አካሄድ ነው፤ የኢዮብ ወዳጆች የሄዱበት ነው። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ከሩቅ አገር መጥተው ከወዳጃቸው ጋር ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ ተቀምጠው ዝም አሉ። አፋቸውን ሲከፍቱ ነው የጠፉት፦ መከራ አለ፤ መከራ ያለ ጥፋት አይመጣም፤ ስለዚህ አጥፍተሃል፤ ያጠፋኸውን ፈልግ። ይህ አስተሳሰብ ሰውን የሚይዘው ተስፋ ስላለበት ነው። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ መድኃኒቱም በእጄ ነው። ቡናው ከሆነ ቡናውን እተዋለሁ፤ ቁጣው ከሆነ አልቆጣም። ጥፋተኛ መሆን አቅመ ቢስ ከመሆን ይቀላል። ሰው ነጻ ሆኖ ከሚፈራ ይልቅ ተከሶ ተስፋ ቢኖረው ይመርጣል። ኢዮብ ግን ይህን ተስፋ አልቀበልም አለ፤ ያላደረገውን አድርጌአለሁ ብሎ ሰላም መግዛት አልፈለገም። በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በወዳጆቹ ላይ ነው። አንባቢ የመከራውን ምክንያት ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ኢዮብ ራሱ ግን እስከ መጨረሻው አልተነገረውም። ተጽናና፣ ተመለሰለትም፤ ምክንያቱ ግን አልተነገረውም።

ፍለጋው ራሱ የሚያደርገውም ነገር አለ። ጣቴን የደም ሥሬ ላይ አድርጌ ስጠብቅ የምጠብቀውን እፈራለሁ፤ ፍርሃት አድሬናሊንን ያስነሣል፤ አድሬናሊን ደግሞ የልብ ሕዋሳት ተራቸውን ሳይጠብቁ እንዲነሡ ይገፋፋል። እንግዲህ ከቀስቃሾቹ አንዱ ቀስቃሽ መፈለግ ሊሆን ይችላል፤ በማንም ማስታወሻ ደብተር ላይ ግን «ዛሬ ቀስቃሽ ስፈልግ ዋልኩ» ተብሎ አይጻፍም። ይህን መፈተሽም አይቻልም። ሳይከታተሉ መከታተል የሚባል ነገር የለምና።

ወደ ሥርዐት ልመለስ። ልቤ ሥርዐቱን ይስታል ስል የትኛውን ሥርዐት ነው? ጤነኛ ልብም ቢሆን ጊዜውን እኩል እየከፈለ አይመታም። ትንፋሽ ስናስገባ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ይዘገያል፤ ካርል ሉድቪግ በ1847 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ነገር ነው። በእናቱ ማኅፀን ያለ ልጅ የልብ ምት መለዋወጡን ትቶ አንድ ወጥ ሲሆን አዋላጅ ሐኪም ይሠጋል። ክርስቲያን ባርናርድ ኅዳር 23 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 3 ቀን 1967፣ ኬፕ ታውን ውስጥ የመጀመሪያውን የሰው ልብ ከሰው ወደ ሰው ሲያዛውር ልቡን ከቀድሞው ሰው ነርቮች ቆርጦ ነው ያወጣው፤ የዚህ ቀዶ ሕክምና ጠባዩ ይኸው ነው። የተዛወረ ልብ በዕረፍት ጊዜ ከወትሮው ይፈጥናል፤ ምቱም ይበልጥ ወጥ ነው። ባለቤቱ ቢደነግጥ ወዲያው አብሮ አይደነግጥም፤ ወሬው በደም በኩል ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ሌሊት በአልጋዬ ላይ ሆኜ የምመኘው ምንም የማይነካውን ልብ ነው። እንዲህ ያለ ልብ በዓለም ላይ አለ፤ ከሰውየው የተለየ ልብ ነው። የእኔ የሚነካው ከእኔ ጋር ስለተያያዘ ነው፤ ከቁጣዬ፣ ከትንፋሼ፣ ከእንቅልፌ፣ ከማላውቀውም ነገሬ ጋር። የእያንዳንዱን ክር መነሻ ማወቅ አለመቻሌ የክሮቹን መኖር አይሽረውም።

መድኃኒት ወስዶ ምቱን ዝም ማሰኘትስ? ይህም ተሞክሯል፤ የደረሰውም ነገር ማንንም የሚያስተምር ይመስለኛል። ድንገተኛ የልብ ጥቃት ደርሶባቸው በተረፉ ሰዎች ላይ ብዙ ትርፍ ምት መኖሩ የሞት ምልክት እንደሆነ ይታወቅ ነበር። እንግዲያው ምቱን ብናጠፋ ሞቱ ይቀንሳል ተባለ፤ ኤንካይናይድ እና ፍሌካይናይድ የተባሉ መድኃኒቶችም ምቱን በደንብ ያጠፉ ነበር። የመጨረሻ ውጤቱ በ1991 እ.ኤ.አ. በወጣው ትልቅ ሙከራ መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63 ሞቱ፤ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት 743 ሰዎች 26። ምልክቱ ጠፋ፤ ሞቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የእነዚያ ሰዎች ልብ የተጎዳ ነበር፤ ከእኔ ጋር አላመሳስለውም፤ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒትም ማንም በዚህ ምክንያት እንዳይተው። ነገር ግን በማንኛውም ጭውውት ላይ የሚነሣውን «ምቱ ከጠፋ በቃ ዳንክ» የሚለውን አሳብ ከዚያ ወዲህ በቀላሉ ልቀበለው አልቻልኩም። የሚታየው ነገር ከማይታየው ጋር ያለው ዝምድና ከውጭ ሆኖ በመገመት የሚታወቅ አይደለም።

ይህን ሁሉ ስል ቀስቃሽ መፈለግ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አልኮል ተፈትሾ የተገኘበት ነገር አለ። ጫት ልብን የሚያስቸኩል ቅመም እንዳለበት የታወቀ ነው። እንቅልፍና ውሃ ለማንም ልብ ይጠቅማሉ። እነዚህን ምቱ ቢቀርም ባይቀርም ማስተካከል ይገባል፤ ዋጋቸው በምቱ መቅረት ላይ የተንጠለጠለ አይደለምና። እኔ አቦሉን እጠጣለሁ፤ ማታ ግን አልጠጣም፤ እንቅልፌን ስለሚወስድብኝ ነው። ከዚህ በላይ ያለውን፣ ያንን 102 የሚመስለውን ቀሪ፣ ስም ሳልሰጠው እንዲኖር ትቼዋለሁ። ቀላል አይደለም። አእምሮ በየሌሊቱ አዲስ ተከሳሽ ይዞ ይመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ያሳፍረኛል። በአገራችን ምክንያቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የታወቀ የልብ ምት መዛባት አለ። ልጅ ጉሮሮውን በባክቴሪያ ይታመማል፤ ሳይታከም ይቀራል፤ ሩማቲክ ትኩሳት ይከተላል፤ ቫልቩ ይጠባል ወይም ይላላል፤ የላይኛው የልብ ክፍል ይለጠጣል፤ ከዓመታት በኋላ ምቱ ይዘበራረቃል፤ በልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል ይሄዳል። ሰንሰለቱ ውስጥ የጠፋ ቀለበት የለም። መጀመሪያው ላይ በፔኒሲሊን ይበጠስ ነበር። እኔ ምክንያቱን ሳላውቅ ጤነኛ ሆኜ እኖራለሁ፤ ያ ልጅ ምክንያቱ እየታወቀ ይታመማል። ለዓመታት «ምክንያቱን ባውቅ ኖሮ» እያልኩ ስመኝ የኖርኩትን ነገር ዋጋ ይህ ልጅ ዝቅ ያደርግብኛል። ማወቅ መዳን አይደለም፤ በማወቅና በመዳን መካከል ጤና ጣቢያ፣ መርፌ፣ የመንገድ ገንዘብና የሚከታተል ሰው አለ።

ልባችሁ ሥርዐቱን ሲስት የሚሰማችሁ ካላችሁ በደንብ ተመርመሩ፤ ራሳችሁን የሚያስታችሁ፣ ደረታችሁን የሚያማችሁ ወይም ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ሂዱ። የልጅ ጉሮሮ ሲታመምና ሲያተኩሰው በዋዛ አትለፉት። ቤታችሁ ውስጥ ምርመራውን ጨርሶ «ምንም የለብዎትም» የተባለ፣ ሌሊት ግን የሚነቃ ሰው ካለ፣ «ምን አድርገህ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት። ያንን እርሱ ጠይቆ ጨርሶታል። ሲነቃ አብራችሁት ተቀመጡ፤ ቡናም ካፈላችሁ ጥሩት፤ ልጠጣ ወይስ ልተው የሚለውን ለእርሱ ተዉለት።